የባዬ አዟዟር

…ይኸው ደግሞ ዞረ፣ ወደ ግራ፣ እጆቹን ከወገቡ ላይ አቆላልፎ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ዘንበል አድርጎ፣ ጠረጴዛውን እንደ አውድማ በሬ እየዞረ፣ እመብርሃን ድረሽ፣ ይኸ የዚህ ልጅ አካሄድ አይደለም፣ ይኸ የባዬ አካሄድ ነው፣ ባዬ ደግሞ አፈር ከለበሰ ስንት ዘመኑ፣ የሞተ ሰው በሰው ልጅ እግር ይሄዳል እንዴ፣ ትላለች ዓይናለም በልቧ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ በሰፌድ ምስር እየለቀመች፣ ጠጠሩን ጥላ ምስሩን ማስቀረት ሲገባት ምስሩን ትጥላለች ጠጠሩን ታስቀራለች፣ ልብ አላለችም።

ልጁ ዕንባቆም ይባላል። የልጅ ልጇ የጽጌሬዳ እጮኛ፣ ማለት ገና ነው፣ እጮኛ የሚባለው እሑድ ሽማግሌ መጥቶ፣ እሷ ዓይናለም ዘር ቆጥራ፣ እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም ንጹሕ ነው ስትል ነው፣ እስከዚያው የሥራ ጓደኛ ነው፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፣ ሁለቱም የሰማይ ነገር ያጠናሉ፣ ምድሩን ጨርሰውት። ዓርብ በሰው ፊት የሚናገሩት አለ፣ ስለ ጥቁር ጉድጓድ፣ ለዚያ ነው ከምሳ ጀምሮ እየተነጋገሩ፣ እየተነታረኩ፣ ሳሎኗን አውድማ ያደረጉባት። ጠረጴዛውንም ወደ መሀል የጎተቱት እነሱ ናቸው። ባዬ ከሞተ ወዲህ ያ ጠረጴዛ ከግድግዳው ተለጥፎ ነው የኖረ፣ ምነው እምዬ ቦታ ጠበበን ሲሏት አቧራው ነው፣ በሩ ነው፣ ነፋሱ ነው ስትል ኖራለች፣ ማንም እንዳይዞረው ነው አትልም፣ አመሻሽ ላይ ቤቱ ጭር ሲል ያን የጫማ ሶል ድምፅ እንዳትሰማ ነው አትልም። ዛሬ ግን ሁለቱ ቋ ቋ ቋ እያደረጉ ጎተቱት፣ አንዱ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ ይዞራሉ፣ ሁለቱም ወደ ግራ፣ አይጋጩም።

አይጋጩም። ይኸ ነው የሚያስፈራው።

ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ትላለች ጽጌሬዳ፣ እንደ መምህር ድምፅዋን አስተካክላ፣ እርስ በርሳቸው እየተዟዟሩ ይቀራረባሉ፣ በመጨረሻ ይዋሐዳሉ፣ ሲዋሐዱ ጠፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ እንሰማዋለን። ጎበዝ፣ ይላል ልጁ፣ ግን ቶሎ ወደ ሹረቱ ግቢ፣ ሰው እንቅልፉ ሳይመጣ። አንተ ነህ የምታስተኛው፣ ያንተ ክፍል ነው ስልክ የሚጎረጎርበት፣ ትለዋለች፣ ይሣሣቃሉ። ዓይናለም አትሥቅም። ጉድጓድ እሷም ታውቃለች፣ ኮላ ድባ፣ ከአባቷ ደጅ፣ የእህል ጉድጓድ ነበር፣ ታፍኖ ከርሞ ሲከፈት እስኪተነፍስ ይጠበቃል እንጂ ቶሎ አይገባበትም፣ አንድ ጎረምሳ ገባ፣ ወንድሙ እሱን ላውጣ ብሎ ተከተለው፣ ሁለቱም እዚያው ቀሩ፣ ሲያወጧቸው ተቃቅፈው ነበር፣ ከየት የተነሡ ከየት የደረሱ መሆናቸውን ጉድጓዱ አይጠይቅም፣ ይውጣል እንጂ። እነዚህ ደግሞ ይጠየቃል ነው የሚሉት።

ይጠየቃል። እያንዳንዱ ጉድጓድ በራሱ ላይ እንደ እንዝርት ይሾራል አሉ፣ እየሾረ ነው ጓደኛውን የሚዞረው፣ አሿሿሩ ደግሞ የት እንደ ተገናኙ ይናገራል። መንገዱ ሁለት ነው፣ ይላል ዕንባቆም፣ እየዞረ፣ የመጀመሪያው፣ ድሮ ኮከብ እያሉ ጥንድ ሆነው ተወልደው፣ አብረው አርጅተው፣ አንዱ ባንዱ ዓይን ፊት የወደቁ ከሆነ፣ ሹረታቸው ከዙረታቸው ጋር አንድ ወገን ይሆናል፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለተኛው፣ ብዙ ኮከብ በተጨናነቀበት፣ በግፊያ መሀል፣ ባዕድ ለባዕድ ተገናኝተው የተጣመዱ ከሆነ ግን አንዱ ወዲህ ያዘነብላል አንዱ ወዲያ፣ እንደ ፈለጉ ነው።

ይኸማ የበሬ ነገር ነው፣ ትላለች ዓይናለም፣ ለራሷ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው፣ አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ያንተን በሬ ከኔ በሬ አጣምደን ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ እንረስ ይባባላሉ፣ እና ትልሙን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከአንድ በረት ያደጉ ወይፈኖች ከሆኑ ሲዞሩም አንድ ላይ ነው፣ መቀናጆ ከሆኑ አንዱ ወደ ሣሩ አንዱ ወደ ቤቱ ቀንበሩን ያጣምሙታል፣ አባቷ አፉን ሞልቶ ይሳደብ ነበር፣ የማን በሬ መሆኑን እየጠራ፣ ከነባለቤቱ። እና እነዚህ ሁለቱ፣ ይኸዋ፣ ዓይኗ ሥር፣ ሁለቱም ወደ ግራ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ወደ ቀኝ፣ አንድ በረት፣

አይ። ምስርሽን ልቀሚ።

ባዬ የጭነት ማኪና ነጂ ነበር። ሲከፋው ይዞራል፣ ሲደሰትም ይዞራል፣ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ይዞራል፣ ወደ ግራ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ እና ዞሮ ዞሮ ከሰሜኑ መስኮት ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ አርማጭሆ መንገድ ያያል። ምን ታያለህ ትለዋለች። ደመና፣ ይላታል፣ በጥር። በዚያ በሁከቱ ዘመን ነው፣ እህል ጭኖ እንደ ወጣ መንገዱ ተዘጋበት፣ ሁለት ክረምት እዚያው አርማጭሆ፣ ትክል ድንጋይ ቀረ፣ ሞተ ተብሎ ሊለቀስለት ሲል መጣ፣ ወፍሮ መጣ፣ በሽፍታና በጦር መሀል የወፈረ ሰው እሱን አየች፣ ማን አበላህ አላለችም፣ የጨዋ ልጅ አይጠይቅም፣ የጨዋ ልጅ ውሃ አሙቃ እግር ታጥባለች፣ እግሩን አጠበች፣ ተረከዙ ለስልሷል፣ ቅቤ የጠገበ ተረከዝ፣ እሱንም አልጠየቀችም። ኋላ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከደጇ ቁማ፣ እትዬ ዓይናለም፣ ነገር አይሁንብኝና፣ እንኳየሁ የምትባል ሴት እዚያ ልጅ ወልዳለች፣ ልጅቱም አያ ባዬን ቁርጥ ናት አለቻት። ቅቤሽ ይሸታል፣ ውሰጅው፣ አለቻት ዓይናለም። አይሸትም ነበር፣ ሸጋ ቅቤ ነበር፣ ያን ሰሞን ወጡ ሁሉ በዘይት ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ያ ስም በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ ሴቶቹ በባሎቻቸው ሲንጫጩ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የኔ ባል ከኔ ደጅ ሌላ ደጅ አያውቅም፣ ትላለች፣ እና ጸጥ ይላሉ፣ ምቀኝነት ነው የመሰላት፣ ወይስ ሁሉም ያውቁ ኖሯል፣ ወይስ እንዲያው ሲያዝኑላት ነው፣ አይ፣ ለዓይናለም ማንም አያዝንም፣ አትፈቅድም።

የዕንባቆም እናት የትክል ድንጋይ ልጅ ናት። በዚያ በሁከቱ ዘመን ነው የተወለደች፣ ባለፈው እሑድ ልጁ እንዲያው ሲያወራ አመለጠው፣ እና ከዚያ ወዲህ ዓይናለም እንቅልፍ የላትም። እናቱ ያች ከሆነች እሱ የባዬ የልጅ ልጅ ነው፣ ጽጌሬዳም የባዬ የልጅ ልጅ ናት፣ ሰባት ቤት ቀርቶ ሦስት ቤትም አይሞላ፣ ደም በደም፣ የወንድምና የእኅት ያህል፣ እና ይኸን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ነው፣ ምስር ለቃሚዋ።

አንቺ ጽጌ፣ ትላለች ድንገት፣ የገዛ ድምፅዋ ያስደነግጣታል፣ ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ከዞሩ ከአንድ ቤት ናቸው? ቁርጥ ነው? ልጅቱ ቆመች፣ እምዬ ትሰሚ ነበር እንዴ፣ ምስር የምትለቅሚ መስሎኝ። ጆሮዬ ምስር አይለቅምም፣ መልሽልኝ። ቁርጥማ አይደለም፣ ትላለች ጽጌሬዳ፣ መጥታ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ፣ ከአንድ ጥንድ አይፈረድም እምዬ፣ በግፊያ የተገናኙትም እንዲያው በአጋጣሚ አንድ ወገን ሊሾሩ ይችላሉ፣ ደግሞ በዙሪያቸው ጋዝ ከኖረ ቀስ በቀስ ያቃናቸዋል የሚሉ አሉ፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ አሿሿሩ ደካማ ነው፣ ምንም አያስነብብ፣ ስለዚህ ብዙ ጥንድ ሰብስበን ነው የምንናገር፣ ይኸኛው መንገድ ይበዛል ያኛው ያንሳል እንላለን እንጂ፣ ይህች አንዲቱ ጥንድ ከየት መጣች ብትይኝ፣ እኔ እንጃ ነው መልሱ።

እኔ እንጃ። እንዴት ቀለላት፣ አፏ ላይ አልከበዳትም፣ እሷ ዓይናለም በዕድሜዋ ይኸን ቃል ስንት ጊዜ ተናገረችው፣ አልተናገረችውም፣ ዘር ስትቆጥር ተሳሳትሽ ያላት የለም፣ ዓይናለም ከቆጠረች ቄሱም አይደግመው ይላል የአዘዞ ሰው ሁሉ፣ ብዙ ጥንድ ደግሞ ከየት ታመጣለች፣ ያሏት ይኸው ሁለቱ ናቸው፣ አንዷ ከእግሯ ሥር፣ አንዱ ቆሞ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ።

እማማ፣ ምነው፣ አመመዎ እንዴ፣ ይላል። አላመመኝም፣ ና ቁጭ በልና አባቶችህን ጥራ። እሑድ አይደል ወይ፣ ትላለች ጽጌሬዳ። እሑድ ለሽማግሌ ነው፣ ዛሬ ለኔ ነው፣ በል። ልጁ እየሣቀ ተቀመጠ፣ ፈተና ነው እንግዲህ፣ በአባቱ በኩል ጠራ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እየወጣ እየወጣ፣ ሸጋ አጠራር ነው፣ ያስተማረው ሰው አለ፣ ጣቷን እያጠፈች ሰማችው፣ የሚነካት የለም። በእናትህስ። በእናቴ፣ አያቴ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ጣቷ ቆመ። መሪጌታ ከሆነ ጥሩ፣ ግን መሪጌታ ልጅ ያላት ሴት አያገባም እንዴ፣ ያገባል፣ ልጅቱንም በስሙ ያስጠራል፣ ጨዋ ከሆነ። ሴቲቱስ፣ አያትህ፣ ስሟ። ወለተ ሚካኤል። እሱማ የክርስትና ስሟ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚጠራትስ፣ የዓለም ስሟ? ልጁ አሰበ፣ ራሱን አከከ፣ ያውልዎ፣ እሱ ጠፋኝ፣ መንኩሳ ነው የሞተች፣ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ስንላት ነው ያደግን፣ ቆይ እናቴን ልጠይቅ፣ ስልኩን አወጣ፣ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ወደ ጽጌሬዳ እያየ ጠበቀ፣ አይነሣም፣ ገበያ ወጥታ ይሆናል፣ ማታ እጠይቃታለሁ።

ማታ።

ዓይናለም ታውቀዋለች፣ አንድ ቃል ይበቃታል። በአባቱ ስድስተኛው ላይ ትገናኛላችሁ፣ አይሆንም፣ ቢሆን ሸጋ ነበር፣ ብላ ሰፌዷን ትይዛለች፣ ማንም አይመረምራት፣ እሑድ ሽማግሌ አይመጣም፣ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ልቅሶ ያልፋል፣ ደም ከደም አይቀላቀልም፣ ያ ስምም ከጉሮሮዋ አይወጣም፣ አንገቷም እንደ ቀና ወደ መቃብሯ ይወርዳል፣ ሁሉም በአንድ ቃል፣ እና ቃሉ ይኸው ምላሷ ላይ ደርሷል፣ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ መናገሩ ብቻ ነው የሚቀር። ግን ባይሆኑስ። የመሪጌታው የገዛ ልጅ ብትሆንስ፣ እንዲያው በአጋጣሚ ቢሆንስ የሚዞረው፣ ከአንድ ጥንድ አይፈረድም አለቻት፣ አሁን፣ እግሯ ሥር ሆና፣ እጇ ደግሞ ጉልበቷ ላይ ነው፣ የእናቷ የሃና እጅ ይመስላል፣ ሃና ሆስፒታል ተረኛ ናት፣ እዚህ ብትኖር ላስጠይቃት ነበር፣ ማንንም አታስጠይቂም ዓይናለም፣ ከቻልሽ ራስሽ ነሽ የምትጠይቂው፣ ካልቻልሽ ዝም ነው፣ ዝም ብትይ ደግሞ ማታ ስልክ ይነሣል፣ ያ ስም በሰው አፍ ተጠርቶ ልጁ ምንነቱን ሳያውቀው ያልፈዋል፣ እሑድ ሽማግሌው ፊት አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ፣ እና ያኔ፣

እንኳየሁ ትባል ነበር ወይ፣ አለች።

ወጣ። ከአፏ ወጣ፣ ቤቱም አልፈረሰም፣ ከውጭ ሚኒባሱ ጎንደር ጎንደር እያለ ይጣራል። እንኳየሁ ማን ናት እምዬ፣ አለች ጽጌሬዳ። አያትሽ፣ አለች፣ ቆመች፣ እንደገና፣ አያትሽ ባዬ፣ ሁለት ክረምት፣ ትክል ድንጋይ፣ ልጅ አለችው፣ ካንዲት እንኳየሁ ከምትባል፣ ይኸ ልጅ ደግሞ እንደ እሱ ነው የሚዞር፣ ዓይን የለሽም ወይ፣ ልክ እንደ እሱ፣ እንደ አንቺ፣ ከአንድ በረት እንደ ወጣችሁ፣ እኔ ምን ላድርግ። ጽጌሬዳ እጇን ከጉልበቷ አነሣች። ዕንባቆምን አየችው፣ ዕንባቆምም አያት፣ እና ያ አስተያየት፣ እግዚኦ፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ መሬት ድንገት እንደ ተከፈተ፣ ሁለቱም ከጠርዙ እንደ ቆሙ።

አይደለችም፣ አለ ልጁ። ደገመው፣ አይደለችም እማማ፣ እንኳየሁንማ አውቃታለሁ፣ ጎረቤታችን ነበረች፣ ከአያቴ ጋር በአጥር ሲጣሉ ነው የኖሩ፣ ዶሮሽ ጓሮዬ ገባ ዶሮሽ ጓሮዬ ገባ ሲባባሉ፣ እናቴ የመሪጌታ ልጅ ናት፣ አያቴ ስትወልዳት በዚያች ሴት እጅ ነው ያማጠች ይላሉ፣ ኋላ ነው የተጣሉ። እና አዟዟርህ፣ አለች ዓይናለም፣ ድምፅዋ ሰለለ። ልጁ እንደ ሕፃን አፈረ። ከእሷ ነው፣ አለ፣ ከጽጌሬዳ ነው የለመድሁት፣ ስታስብ ትዞራለች፣ ቁጭ ብዬ ባናግራት አትሰማኝም፣ ተከትያት ስዞር ብቻ ነው የምትመልስልኝ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ይስቅብናል፣ ወደ ቀኝ ብዞር ደግሞ እንጋጫለን፣ አንድ ቀን ግንባሬን ፈንክታኛለች። ጽጌሬዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም፣ ሁለቱም ነው፣ እምዬ፣ እምዬ ምን አደረግሽን፣ ልቤ ቆሞ ነበር እኮ።

ሸጋ። ሸጋ ነው እንግዲህ፣ ንጹሕ ነው፣ እሑድ ሽማግሌው ይመጣል፣ ይዳራሉ፣ እና እሷ፣ የእገሌ ልጅ፣ ደንቢያ ያከበራት፣ አዘዞ የፈራት፣ ያን ሁሉ ዘመን ከምላሷ ሥር ያቆየችውን ነገር በከንቱ አፈሰሰችው፣ ባትጠይቅም ማታ በስልክ ያልቅ ነበር፣ ሞኝ፣ ጅል አሮጊት፣ ተናድዳ ሰፌዱን ገፋችው፣ ምስሩ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ማንም ሊለቅም አልጎነበሰም።

ብርቱካን ናት እንግዲህ፣ ይላል ልጁ፣ ቀስ ብሎ፣ አሁን ገና እየገባው። ብርቱካን ማን ናት? የእንኳየሁ ልጅ ናታ፣ ከገበያው መግቢያ ሱቅ አላት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትነግድ፣ ብርቱካን ባዬ። ብርቱካን ባዬ ትባላለች? አለች ዓይናለም። ከደጇ ላይ ተጽፏል፣ ይላታል፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ በቆርቆሮ፣ በቀይ ቀለም፣ ብርቱካን ባዬ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ከማኪና ላይ ሆነው እንኳ ያነቡታል፣ አባቷ የጎንደር ሰው፣ የማኪና ነጂ ነበር ይላሉ፣ እኛ ግን የትኛው ባዬ እንደ ሆነ ከየት እናውቃለን።

በቆርቆሮ። በቀይ ቀለም። ጨውና ሳሙና የሚገዛ ሁሉ እያነበበው፣ ሕፃናቱ ፊደል የሚለማመዱበት፣ ዝናብ የሚመታው፣ ጠዋት የሚከፈት ማታ የሚዘጋ፣ እሷ ደግሞ እዚህ፣ በራፍ ዘግታ፣ ጠረጴዛ ከግድግዳ ለጥፋ፣ ማንን ነው የደበቀችው፣ ከማን ነው የደበቀችው። አክስቴ ናት ማለት ነው፣ ትላለች ጽጌሬዳ፣ ለማንም ሳይሆን። አክስት። ዓይናለም ሳታስበው ጣቷ ተነሣ፣ የኖረበት ልማዱ ነው፣ ባዬ ሃናን ወለደ፣ አንድ ጣት ታጠፈ፣ ባዬ ብርቱካንን ወለደ፣ ሌላውም ታጠፈ፣ እምቢ አላለም።

ሸጋ ናት? አለች።

ሸጋ ናት እማማ፣ ይላል ልጁ፣ ቁጡ ናት እንጂ፣ ዱቤ የጠየቃት ሰው ወዮለት፣ ምላሷ አይጣል ነው።

ቁጡ። ባዬ ቁጡ አልነበረም፣ ባዬ ዝንብ ሲያርፍበት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነበር፣ ከየት አመጣችው፣ ከእናቷ ነው እንግዲህ፣ ከየትም አይመጣም፣ እንኳየሁ ቁጡ ነበረች ማለት ነው፣ በአጥር ላይ ስለ ዶሮ የምትሳደብ፣ ጎረቤቷን የምታዋልድ፣ ኋላ የምትጣላት፣ ጉሮሮ ያላት፣ ሲከፋት ሰው ፊት የማታለቅስ ይሆናል፣ ሞታለች ደግሞ፣ ማን ቀበራት፣ ማን አለቀሰላት፣ ዓይናለም ይኸን ሁሉ ዘመን ከስም ጋር ነው ስትጣላ የኖረች፣ ስም መልሶ አይሰድብም፣ ይኸች ግን ብትሰደብ ትሳደብ ነበር፣ ሁለቱ አንድ ቀን በገበያ መሀል፣ ቅቤ ፊት ቆመው፣ ቢገናኙ ኖሮ፣ ምን ይባባሉ ነበር፣ ማን ትቀድም ነበር…